ስለ «ኃይለኛው የወር መርፌ»፦ ጊዜውን የሚወስነው ተሸካሚው ነው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚያገለግሉ መርፌዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ በመልካም ሐሳብ የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን በውስጡ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ እነዚህ መርፌዎች ለአንድ ወር የሚበቁት «መድኃኒቱ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ» ነው ይላል። ጋዜጣችሁን ያነበበ ሰው ቤቱ ገብቶ ለእናቱና ለጎረቤቱ የሚነግረው ይህችኑ ዐረፍተ ነገር ነው። እኔና የሥራ ባልደረቦቼም በመድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ቆመን ለሳምንታት ስንመልሰው የምንውለው ጥያቄ ከዚህችው የሚነሣ ነው። በባሕር ዳር ከተማ በመድኃኒት ባለሙያነት የምሠራ እንደመሆኔ፣ ነገሩን ማቃናት የእኔም ድርሻ መስሎ ስለታየኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ከዘጌ በጀልባ እየተሻገሩ የሚመጡ አንድ አዛውንት የቡና ገበሬ አሉ። የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚ ናቸው፤ ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ሊዩፕሮላይድ የተባለውን በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት ትልክላቸዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በተወጉበት ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። ነርሷ ስሪንጁን ቀስ አድርጋ ስትገፋው በአንደኛው ክፍል ለብቻው ተቀምጦ የነበረው ነጭ ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ተዋሐደና ወተት መሰለ። ይህ ወተት ጥቂት ከቆየ ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ እያወዛወዘች ቶሎ ልትወጋቸው ተዘጋጀች። አዛውንቱ ይህን ሁሉ አተኩረው ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ የወሩን ሁሉ ዛሬ ከወጋሽኝ ከነገ ወዲያ የሚሠራልኝ ምን ይተርፋል? ደግሞስ የሠላሳ ቀን መድኃኒት በአንድ ቀን ገብቶ እኔን ምን ያደርገኛል?» ብለው ጠየቋት። ሁለቱም የአስተዋይ ሰው ጥያቄዎች ናቸው፤ የጽሑፋችሁ አዘጋጅም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለራሱ አቅርቦ ቢሆን ኖሮ «ኃይለኛ» የሚለውን ቃል ባልጻፈ ነበር።

መልሱ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ይኸው ሊዩፕሮላይድ ተራ ፈሳሽ ሆኖ በየዕለቱ ለፕሮስቴት ካንሰር ሲሰጥ መጠኑ በቀን 1 ሚሊግራም ነው፤ በወር ወደ 30 ሚሊግራም ይደርሳል ማለት ነው። በወር አንድ ጊዜ በሚሰጠው መርፌ ውስጥ ያለው ግን በጠቅላላ 7.5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ወር የሚቆየው መርፌ እንግዲህ የዕለት ዕለቱን ሩብ ያህል መድኃኒት የያዘ ሆኖ ሳለ፣ ኃይለኛ የሚለው ስም የተሰጠው ለእሱ ሆነ። ሞለኪውሉ በሁለቱም አንድ ነው፤ የተለየው የተሳፈረበት ነገር ነው።

ያ ነጭ ዱቄት የመድኃኒት ዱቄት ብቻ አይደለም። እያንዳንዷ ቅንጣት ፖሊመር ከተባለ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተሠራች፣ በውስጧ መድኃኒቱን የተሸከመች፣ ስፋቷ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ትንሽ ሉል ናት። ፖሊመሩ የላክቲክ አሲድና የግላይኮሊክ አሲድ ሰንሰለት ሲሆን፣ ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው፣ በሥራ የደከመ ጡንቻም የሚያመነጨው አሲድ ነው። ቅንጣቶቹ ጡንቻ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሰውነት ውሃ ቀስ በቀስ ዘልቆ የሰንሰለቱን ቀለበቶች ይፈታል፤ መድኃኒቱ በዚያው ልክ ጥቂት በጥቂት ይወጣል፤ ተሸካሚው ራሱም በመጨረሻ ወደ ውሃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ይጠፋል። ሁለቱ አሲዶች የሚቀላቀሉበት መጠን ሲለወጥ ጊዜው አብሮ ይለወጣል፤ እኩል በእኩል የተቀላቀለው ፈጥኖ ያልቃል፣ ላክቲክ አሲድ የበዛበት ይዘገያል። ስለዚህ የወር ይሁን የሦስት ወር የሚለውን የሚወስነው በአብዛኛው ፖሊመሩን የቀመመው ኬሚስት ነው።

የዚህ ዘር ፖሊመሮች ወደ ሕክምና የገቡት በመድኃኒት ተሸካሚነት አልነበረም፤ በክርነት ነበር። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይመዘዝ በራሱ የሚሟሟው ክር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሐኪሞች እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ላንገርና ጁዳ ፎክማን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ ፕሮቲን ያሉ ትልልቅ ሞለኪውሎች ከፖሊመር ውስጥ ለረጅም ጊዜ እየተንጠባጠቡ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳዩ፤ ከዚያ በፊት ይህ አይሆንም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ከላይ ያነሣሁት የሊዩፕሮላይድ መርፌ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በነገራችን ላይ የክር ነገር ለባሕር ዳር ባዕድ አይደለም፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የጨርቃ ጨርቅ ትምህርትም ያላት ከተማ ናት። የፖሊመር ክርን ጠባይ የሚያውቅ መምህርና የፋርማሲ መምህር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚነጋገሩት እንደማያጡ አምናለሁ።

አንባቢዎቻችሁ ነገሩን ከሚያስቡት በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጭምር በእናቶች ክንድ ላይ የሚቀብሩት ኢምፕላኖን የሚባለው የወሊድ መከላከያ፣ 4 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ 68 ሚሊግራም ሆርሞን የያዘ የፖሊመር ዘንግ ነው። ለሦስት ዓመት ይሠራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮግራም ያህል ይለቃል፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ 25 እና 30 ማይክሮግራም ይወርዳል። ክንዷ ላይ የሦስት ዓመት ሆርሞን ተሸክማ ገበያ የምትውል እናት «ኃይለኛ መድኃኒት ወሰድኩ» አትልም። ልዩነቱ የዘንጉ ፖሊመር የማይሟሟ መሆኑ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ተቀዶ ይወጣል። ደቃቆቹ ቅንጣቶች ግን ማውጣት አያስፈልጋቸውም፤ ማውጣትም አይቻልም። ይህ ጥቅማቸውም ስጋታቸውም ነው፤ መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው ቢኖር እንደ ዘንጉ ጎትቶ ማውጣት የለም።

ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልነካው፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያጓጓኝ የቀዳዳ ጉዳይ ነው። ድፍን ቅንጣት አለች፤ እንደ ስፖንጅ ውስጥ ለውስጥ የተቦረቦረች ቅንጣትም አለች። የሁለተኛዋን አሠራር ምጣድ አጠገብ የቆመ ሰው ሁሉ አይቶታል። የቦካው ሊጥ ምጣዱ ላይ ሲፈስ በውስጡ የታመቀው ጋዝ ሙቀት ሲያገኘው ወደ ላይ ይፈነቅላል፤ ሊጡም በዚያው ቅጽበት ስለሚበስል ጋዙ የወጣበት መንገድ ሳይደፈን ዓይን ሆኖ ይቀራል። በቤተ ሙከራም ፖሊመሩ ዳይክሎሮሜቴን በተባለ ፈጥኖ በሚተን ፈሳሽ ይሟሟል፤ አሞኒየም ባይካርቦኔት የተባለው ጨው ከመድኃኒቱ ጋር በጥቂት ውሃ ይበጠበጣል፤ ሁለቱ በኃይል ተመትተው ከተዋሐዱ በኋላ ብዙ ውሃ ውስጥ እየተማሰሉ ሲጨመሩ ትንንሽ ሉሎች ይሆናሉ። ለሰዓታት ሲማሰል አሟሚው እየተነነ ያልቃል፣ ሉሎቹ ይጠነክራሉ፣ ጨዉም ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ተለውጦ ሲወጣ ዓይኑን ትቶ ይሄዳል። ጨው ሲጨመር ዓይኑ ይበዛል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ቅንጣቷ ትፈራርሳለች። ከዳይክሎሮሜቴኑ የሚቀር ካለም በዓለም አቀፉ የመድኃኒት ጥራት መመሪያ መሠረት ከሚሊዮን 600 እጅ መብለጥ የለበትም።

እንዲህ መመታትና መማሰል የማይችል መድኃኒትም አለ። ፕሮቲኖች በዚህ ሂደት በቀላሉ ይበላሻሉ። ለእነሱ ሲባል ባዶዋ ባለ ዓይን ቅንጣት አስቀድማ ትሠራና መድኃኒቱ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ትዘፈዘፋለች፤ እንጀራ ወጥ እንደሚስብ ትስበዋለች። ከዚያ ለዘብ ባለ ሙቀት ስትቆይ ፖሊመሩ ለስልሶ ዓይኖቹ መልሰው ይገጥማሉ፣ መድኃኒቱም ውስጥ ይቀራል። በዚህ ሙያ ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደስተኝ የለም።

ቀዳዳ በዛ ማለት ግን መልካም ሆነ ማለት አይደለም። ዓይኖቹ ወደ ውጭ ክፍት ከሆኑ የሰውነት ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ይገባና በመጀመሪያው ቀን ብዙ መድኃኒት ይዞ ይወጣል፤ አዛውንቱ የፈሩት በእርግጥ የሚደርሰው ያኔ ነው፤ መድኃኒት አምራቾችም አጥብቀው የሚለኩት ይህንኑ የመጀመሪያ ቀን ፍሰት ነው። በሌላ በኩል በድፍን ቅንጣት ውስጥ ፖሊመሩ ሲፈርስ የሚፈጠረው አሲድ መውጫ አጥቶ ስለሚከማች አብሮት ያለውን ፕሮቲን ሊያበላሽ ይችላል፤ ባለ ዓይኗ ግን ታስወጣዋለች። የቅንጣቷ ስፋትም የራሱ ሕግ አለው፤ መድኃኒቱ በፖሊመሩ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ ከሆነ ስፋቷ እጥፍ ሲሆን የሚወስደው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን መርፌው ውስጥ ማለፍ ስላለባት እንዳሻት አትሰፋም።

የቀዳዳ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በሳንባ በኩል ለሚወሰድ መድኃኒት ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ታንኳ ለምን እንደሚንሳፈፍ ያውቃል፤ ደንገል ውስጡ አየር ነው። ከውጭ ሲያዩት ግዙፍ የሆነው ታንኳ ውሃው ላይ እንደ ቀላል ነገር ይሄዳል፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ስለሚከብድም ባለቤቱ ወደ ዳር አውጥቶ አቁሞ ያደርቀዋል። አየር ላይ ያለች ቅንጣትም እንዲሁ ናት። ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ለመድረስ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያለች ቅንጣት ትሻላለች፤ ነገር ግን እንዲህ ያለችዋን ደቃቅ ቅንጣት እርስ በርስ መጣበቅ ያስቸግራታል፣ ሳንባ ውስጥም ማክሮፋጅ የተባሉት በላተኛ ሕዋሳት ፈጥነው ይውጧታል። ስፋቷ 10 ማይክሮን ሆኖ በዓይን የተሞላች፣ ጥግግቷ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.1 ግራም የሆነች ቅንጣት ግን አየር ላይ የ3 ማይክሮን ያህሏን ጠባይ ይዛ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች፤ ከደረሰች በኋላም ትልቅነቷ ከመዋጥ ይጠብቃታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴቪድ ኤድዋርድስ፣ ላንገርና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት እንዲህ ባሉ ትልልቅ ባለ ቀዳዳ ቅንጣቶች የተሳፈረ ኢንሱሊን በአይጦች ላይ ለ96 ሰዓታት ሲሠራ፣ በትንንሾቹ ድፍን ቅንጣቶች የተሰጠው ግን ለ4 ሰዓታት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተፈቀደው በዱቄት መልክ የሚሳብ ቶብራማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክም ባለ ቀዳዳ ቅንጣት ነው፤ የተሠራው ግን ከፖሊመር ሳይሆን ከስብ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ አካባቢ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ መተማ አሻግሮ ይመልከት። አሁን የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው፤ ከጣና ዙሪያ ወረዳዎች ወደ ቆላው የወረዱ ወጣቶች በአሸዋ ዝንብ ተነድፈው ካላዛር የተባለው በሽታ ይዟቸው የሚመለሱበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ያጸደቀው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ ለ17 ቀናት መወጋት ነው። የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው 17 ቀን ሙሉ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በቀን ሁለት መርፌ እየተወጋ፣ ያልታመመው ሰው ሁሉ እያጨደ ሲውል ማሰቡ ራሱ ሕመም ነው። ቀደም ሲል በሳንባ በኩል ጠላት ያልናቸው ማክሮፋጆች እዚህ ላይ ወዳጅ ይሆናሉ፤ የካላዛር ተሐዋሲ የሚደበቀው በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ባሉት በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ነውና። ደቃቅ ቅንጣት በደም ሥር ከገባች እነሱው ፈልገው ይውጧታል፤ መድኃኒቱንም ተሐዋሲው ካለበት ቤት ድረስ ያደርሱታል። በስብ ከረጢት ተሸፍኖ የሚሰጠው አምፎተሪሲን ቢ የተባለው የካላዛር መድኃኒት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የፖሊመር ቅንጣትም እዚያው ደጃፍ ላይ ልትደርስ የምትችል ስለሆነች፣ ለዚህ በሽታ የሚመራመር ሰው ከሌላ አገር መምጣት አለበት ብዬ አላምንም። ለነገሩ ሰሊጣችን አስቀድሞ ተሸካሚ ሆኖ እያገለገለ ነው፤ ለአእምሮ ሕመምተኞች በየጥቂት ሳምንቱ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን ዲካኖየት የሚሟሟው በሰሊጥ ዘይት ነው።

ፋብሪካ ይከፈትልን እያልኩ አይደለም። ከላይ የገለጽኩትን ማማሰልና ማትነን አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሊሠራው ይችላል፤ ከጀርም ፍጹም የጸዳ፣ ከብልቃጥ ብልቃጥ የማይለያይ አድርጎ ማምረት ግን ሌላ ዓለም ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ተሸካሚው የመድኃኒቱ አካል መሆኑ ይታወቅ።

ይህ ሳይታወቅ ሲቀር የሚሆነውን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ባለፈው ሚያዝያ የዘጌው አዛውንት መድኃኒት ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ አምጪው ሰው በቅንነት መስታወቱ ሥር፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦት ቆይቶ ኖሯል። ብርሃን ላይ ይዘን ስናየው ዱቄቱ ተጋግሮ አንድ ወገን ላይ ተጣብቆ ነበር። እነዚህ ፖሊመሮች ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይለሰልሳሉ፤ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ዓይን ያላቸውም ዓይናቸው ይደፈናል። ሞለኪውሉ ምናልባት ምንም አልሆነ ይሆናል፤ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ግን ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም። አልወጋናቸውም። የዚያ ወር መርፌ አመለጣቸው።

ሁለተኛው በራሴ ቤት የደረሰ ነው። እናቴ ለደም ግፊቷ ቀስ እያለ የሚለቅ የኒፊዲፒን እንክብል ትወስዳለች። እንክብሉ ጉሮሮዬን ያንቀኛል ብላ በሙቀጫ እየወቀጠች፣ በውሃ በጥብጣ ትጠጣው እንደነበር ያወቅኩት፣ አንድ ቀን ጠዋት ከደጃፉ ላይ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው። የእንክብሉ ፖሊመር ለግማሽ ቀን ሊያንጠባጥበው የነበረውን ሙቀጫው በአንዴ አወጣው። ካርቶኑ ላይ እንዳይፈጭ የሚከለክል ጽሑፍ ነበረ፤ እናቴ በማታነበው ቋንቋ፣ ከጤፍ ፍሬ ባነሰ ፊደል። እኔም ለሌላው ሰው ሁሉ በመስኮቱ የምናገረውን ለእሷ ሳልነግራት ቀርቼ ነበር። «የሰጠኸኝን ነው የጠጣሁት፣ ልጄ» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ሁለት ነገር እንዲያደርግ በትሕትና እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «ኃይለኛ ስለሆነ» የሚለው ቃል «ቀስ ብሎ እንዲወጣ ተደርጎ ስለተሠራ» በሚል እንዲታረም ነው። ሁለተኛው፣ ቀስ እያሉ የሚለቁ እንክብሎችና መርፌዎች ላይ «አይሰበር፣ አይፈጭ፣ አይታኘክ፤ ከፀሐይና ከሙቀት ይጠበቅ» የሚለው በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በሚነበብ ፊደል እንዲለጠፍ የሚመለከተውን አካል ጠይቃችሁ መልሱን ለአንባቢ እንድታቀርቡ ነው። እስከዚያው ድረስ እኛ በመስኮታችን በኩል በእስክሪብቶ እየጻፍን እንለጥፋለን።

የአዛውንቱ ቀጣይ ቀጠሮ የኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። ጋዜጣችሁን የሚያነብላቸው የልጅ ልጃቸው መሆኑን ነግረውኛል፤ ያለፈውንም እትም ያነበበላቸው እሱ ነው፤ መርፌውን ልተወው ይሆን ብለው የጠየቁኝም ከዚያ በኋላ ነው። እርማቱ ከቀጠሯቸው በፊት ባለው እትም ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ
ባሕር ዳር